ወርቁ ቀለም አይደለም
ለልዩ ኅትመት ፋይል ስለማሰናዳት

የሠርግ ጥሪ ካርድ የሚያሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት ቅሬታ አለ፤ «ስክሪኑ ላይ ወርቅ ነበር፣ ታትሞ ሲመጣ ቡናማ ሆነ» ይላሉ። ማሽኑ ግን አላጠፋም። ስክሪኑ ላይ የታየው ወርቅ ቢጫና ቡናማ እየተቀላቀሉ የሠሩት የወርቅ ሥዕል ነው። የኦፍሴት ማሽን በመደበኛ አሠራሩ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር የሚባሉ አራት ቀለሞች አሉት፤ አንዳቸውም እንደ ብረት አያብረቀርቅም። እውነተኛው ብርቅርቅታ የሚመጣው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ፣ ከሌላ ማሽን ነው።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚሰናዳ ፋይል የካርዱን መልክ ማሳየቱ ብቻ አይበቃም። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የት እንደሚያርፍና የት እንደማያርፍ የሚናገር የሥራ ትእዛዝ መሆን አለበት። ይህን ለመረዳት መሣሪያዎቹን ማወቅ ያስፈልጋል።

ፎይል በጥቅልል የሚመጣ ስስ ፕላስቲክ ነው። በላዩ እጅግ የሳሳ የአሉሚኒየም ንጣፍ አለው፤ ወርቅ የሚያስመስለው አሉሚኒየሙን የሸፈነው ቢጫ ቫርኒሽ ነው። ንድፉ በብረት ማኅተም ላይ ይቀረጻል። ማኅተሙ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ ፎይሉን ወረቀቱ ላይ ሲጫነው፣ ብረቱ የነካው ቦታ ብቻ ይጣበቃል። በጋለ ብረት ማስጌጥ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ የብራና መጻሕፍት ደጓሾች የእንጨቱን ገበታ በቆዳ አልብሰው፣ መስቀሉንና ሐረጉን ያለ አንዳች ቀለም በጋለ ብረት ያትሙበት ነበር።

ኢምቦስ ወረቀቱን በሁለት ማኅተሞች፣ በጎድጓዳውና በጎባጣው መካከል አስገብቶ ያሳብጠዋል። ፊት ለፊት ያበጠው ከጀርባ ይሰረጉዳል፤ ስለዚህ ከጀርባው በዚያ ቦታ ጽሑፍ ባይኖር ይመረጣል። ስፖት ዩቪ በተመረጠ ቦታ ላይ ብቻ የሚቀባና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ወዲያው የሚጠነክር ግልጽ ቫርኒሽ ነው። ድምቀቱ የሚታየው ከሥሩ ያለው ማት ላሚኔሽን፣ ማለትም የማያብረቀርቅ ስስ ልባጥ፣ ሲሆን ነው፤ በሚያብረቀርቅ ላሚኔሽን ላይ ይጠፋል፣ ባልተለበጠ ወረቀት ላይ ደግሞ ይሰርጋል። ዳይ ከት የሚባለው ቅርጽ ቆረጣ የሚሠራው ቅርጹን ተከትሎ ታጥፎ ፕላይውድ ውስጥ በተተከለ የብረት ስለት ነው።

እነዚህን ሁሉ የሚያመሳስላቸው ነገር መካከለኛ የሚባል ነገር አለማወቃቸው ነው። ቀለም በጥቃቅን ነጠብጣብ እየሳሳ ሊደበዝዝ ይችላል። የብረት ማኅተም ግን ወይ ይነካል፣ ወይ አይነካም። ሃምሳ በመቶ ፎይል፣ ቀስ በቀስ የሚጠፋ ወርቅ የሚባል ነገር በማኅተም አይሠራም።

የፋይሉ አሠራር ከዚህ ይመነጫል። መሠረቱ እንደማንኛውም ኅትመት ነው፦ ቀለሙ በሲኤምዋይኬ (በአራቱ የማሽን ቀለሞች)፣ ፎቶው በትክክለኛ መጠኑ 300 ዲፒአይ፣ በአራቱም ጎን 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ። 90 በ50 ሚሊ ሜትር የሆነ ቢዝነስ ካርድ በ96 በ56 ይሰናዳል ማለት ነው። ትርፉ የሚያስፈልገው መቁረጫው ጥቂት ቢዛነፍ ጠርዙ ላይ ነጭ እንዳይታይ ነው። ጽሑፍም ከመቁረጫው መስመር ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ልዩ ሥራ በፋይሉ ውስጥ የራሱ ሌየር (ንጣፍ) ይከፈትለታል። ሌየሩ ላይ የሚቀመጠው ቅርጽ ቬክተር፣ ማለትም በጥርት መስመር የተሣለ፣ ይሆናል፤ ጠርዙ የተሰባበረ የፎቶ ፒክስል ለማኅተም ቅርጽ አይሆንም። ቅርጹ «ፎይል» ወይም «ዩቪ» ተብሎ ስም በተሰጠው የስፖት ቀለም መቶ በመቶ ይሞላል። ማጀንታም ሆነ አረንጓዴ ቢሆን ለውጥ የለውም፤ ምልክት እንጂ የሚታተም ቀለም አይደለም። ሌየሮቹ በገጽ መጠንም በቦታም ልክ ለልክ መግጠም አለባቸው። የዩቪው ሌየር ከሥሩ ባለው ላይ እንዲደረብ ኦቨርፕሪንት ይደረጋል፤ ካልተደረገ ከሥሩ ያለውን ሥዕል ቆርጦ ነጭ ያስቀራል። የመቁረጫው መስመርና የማጠፊያው መስመርም የተለያየ ስም ይሰጣቸዋል፤ አለበለዚያ መታጠፍ ያለበት ካርድ ለሁለት ተቆርጦ ሊመጣ ይችላል።

ወረቀት በየማሽኑ ሲያልፍ ጥቂት መንሸራተቱ አይቀርም። በመሆኑም በቀለም የታተመን ቀጭን ፊደል በፎይል ጠርዙን ልክበበው ማለት ራስን መፈተን ነው፤ የፀጉር ያህል መዛነፍ እንኳ በዓይን ይታያል። ፎይሉ ለብቻው ባዶ ቦታ ላይ ቢያርፍ ይሻላል።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጥንቃቄ አለው። የ«ወ»፣ የ«ፀ» እና የ«ቀ» ክብ ሆድ በትንሽ መጠን ሲታተም ፎይሉ ሞልቶ ይደፍነዋል። በ«ቋ» እና በ«ጯ» ላይ ያሉት ቅጥያዎች ደግሞ ከመሳሳታቸው የተነሣ ሳይዙ ይቀራሉ። መስመሩንም በመስመሮች መካከል ያለውንም ክፍተት ከ0.3 ሚሊ ሜትር ባያሳንሱት ጥሩ ነው። ለስም ወፈር ያለ ፎንት መርጦ፣ ለአድራሻና ለሰዓት ተራ ቀለም መተው ያዋጣል።

ፎንቱም ሌላ ጣጣ አለው። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት የተሠሩት ብዙ የግዕዝ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ ያሰፈሩ ናቸው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የሙሽሮቹ ስም ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። መፍትሔው ጽሑፉ በሚገባ ከታረመ በኋላ ፊደላቱን ወደ ቅርጽ መቀየር ነው፤ ኮርል ድሮውና ኢሉስትሬተር በሚባሉት የዲዛይን ፕሮግራሞች ይቻላል። ከተቀየረ ወዲያ ፊደል ማረም ስለማይቻል፣ ሳይቀየር የቀረ ቅጂ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ሥራው ሲያልቅ እያንዳንዱን ሌየር ለየብቻ በጥቁር በተራ ወረቀት አትሞ፣ ደራርቦ በመስኮት ብርሃን ማየት ብዙ ገንዘብ ያድናል። ለማተሚያ ቤቱ የሚላከው ፒዲኤፍ ነው። በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ አለበት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ተጨምቆ ጥራቱም ሌየሩም ይጠፋል።

ዋጋም ከመጀመሪያው መታሰብ አለበት። የብረት ማኅተሙ ለ50 ካርድም ለ1000 ካርድም የሚወጣበት ወጪ ያው ነው፤ ለብዙ ካርድ ሲከፋፈል ይቀላል፣ ለጥቂት ካርድ ግን ይከብዳል። ያለ ማኅተም ፎይል የሚለብጡ ዲጂታል ማሽኖች ለአነስተኛ ሥራ ያገለግላሉ፤ ጥልቀት ያለው የማኅተም አሻራ ግን አይሰጡም። እናም የዲዛይን ፕሮግራሙን ከመክፈት በፊት ማተሚያ ቤቱን መጠየቅ ይገባል፦ ፎይሉ በማኅተም ነው ወይስ በዲጂታል? የመጨረሻው ቀጭን መስመር ስንት ነው? ወረቀቱ ስንት ግራም ነው፣ ላሚኔሽንስ አለው? ዲዛይኑ ከእነዚህ መልሶች በኋላ ቢጀመር፣ ስክሪን ላይ የታየውና እጅ ላይ የሚገባው ካርድ ይቀራረባሉ።