ድንክ ዶሯችን ለምን አልተሸጠችም?

በዚህ እትም ስለ ድንክ ዶሮ ልጽፍላችሁ ነው። የክበባችን ልጆች «ስለ ዶሮ ደግሞ ምን ይጻፋል?» ብለው ስቀውብኝ ነበር። እስኪ አንብቡትና እናንተ ፍረዱ።

እኛ ቤት አንዲት ገብስማ ዶሮ አለች። በጣም ትንሽ ስለሆነች ከሌሎቹ ጋር ስትቆም ቄብ ትመስላለች፣ እንቁላሏም ትንሽ ነው። መስከረም ላይ ለያሆዴ በዓል ዶሮ ሲወደድ እናቴ «ይቺ ምን ትሠራልናለች? ትሸጥና ደብተር ይገዛልህ» አለች። ደብተሩ የኔ ስለሆነ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ግን አልቻልኩም። ዶሮዋ በዚያ ሳምንት ላባዋን ነፍታ ጎጆዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ነበር፤ እጅ ሲቀርባት ትነክሳለች። ማቀፍ ፈልጋለች ማለት ነው።

ድንክ ዶሮ በሌላው ዓለም ትልቅ ስም አለው። «ባንታም» ይሉታል። ስሙ የመጣው ኢንዶኔዥያ ውስጥ ጃቫ ደሴት ላይ ካለ ወደብ ነው፤ የድሮ መርከበኞች ትናንሽ ዶሮዎችን እዚያ እየገዙ ይወስዱ ነበር። ከባንታሞች ሁሉ በጣም የገረመኝ ሴብራይት የሚባለው ነው። የሳይንስ መምህራችን ፎቶውን በስልካቸው አሳዩን። እያንዳንዱ ላባ ዳር ዳሩን በጥቁር እስክሪብቶ የተከበበ ይመስላል! ያዳቀሉት ሰር ጆን ሴብራይት የሚባሉ እንግሊዛዊ ናቸው፤ ከ1800 ዓመተ ምሕረት አካባቢ በፈረንጅ አቆጣጠር ጀምረው ብዙ ዓመት ደክመውበታል። አውራው የሚመዝነው ከ600 ግራም ትንሽ በልጦ ነው። የእኛ አገር አውራ ዶሮ ግን አንድ ኪሎ ተኩል አካባቢ ይደርሳል። ደግሞ የሴብራይት አውራ እንደ ሌሎቹ ረጅም የተቆለመመ ጅራት የለውም፤ ላባው ልክ እንደ ሴቷ ነው። ምክንያቱም ቆዳው የወንዱን ሆርሞን ወደ ሴት ሆርሞን ይቀይረዋል።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ውበት ዋጋ አለው። ሴብራይት ለማርባት አስቸጋሪ ነው፤ አንዳንዱ አውራ መካን ይሆናል፣ ሴቶቹም አብዛኛውን ጊዜ አያቅፉም። ሰዎቹ ሲመርጡ ያዩት ላባውን ብቻ ነበራ!

እንቁላል ለመጣል በተመረጡት የፈረንጅ ዶሮዎችም ላይ ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። ከ12 እስከ 15 ያህል ከጣለች በኋላ አንጎሏ አጠገብ ካለች እጢ ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን ይበዛና መጣሉን ትታ ታቅፋለች። የፈረንጇ ይህ ጠባይ እንዲጠፋባት ለብዙ ትውልድ ስለተመረጠች በዓመት ከ250 በላይ ልትጥል ትችላለች፤ ጫጩት ልፈልፍል ብላ ግን አትቀመጥም። በእኛ አካባቢ ደግሞ ሰው እንቁላል ሲፈልግ ያቀፈችውን ዶሮ ዘቅዝቆ ያንጠለጥላታል፣ ወይ ላባ በአፍንጫዋ ይሻጥላታል፣ ወይ ጎረቤት ወስዶ ያሳድራታል። እኔ በላባው አልስማማም፣ ያማታል።

እኛም አንዲት ትልቅ የፈረንጅ ዶሮ ነበረችን። እንቁላሏ ቆንጆ ነው፣ አውራም አለን፤ ግን የሚያቅፍላት የለም። ስለዚህ «እማዬ፣ 21 ቀን ብቻ ስጪኝ» አልኳት። ጫጩት የሚፈለፈለው በ21 ቀን ነው። እሺ አለች፣ ግን «ባይሆን ትሸጣለች» ብላ።

ጓዳ ጥግ በአሮጌ ቅርጫት የጤፍ ጭድ አነጠፍኩና ከትልቋ ዶሮ 8 እንቁላል አስቀመጥኩላት። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ለትንሽ ዶሮ 8 ትልልቅ እንቁላል ይበዛል፤ ክንፏን ዘርግታ እንኳን ዳር ያሉት ብቅ ይሉ ነበር። እሷ ግን በቀን ብዙ ጊዜ በምንቃሯ እየገለበጠች የዳሩን ወደ መሃል ታስገባለች። ካልተገለባበጠ ውስጡ ያለው ጽንስ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል። የምትወጣው በቀን አንዴ ነው፤ ውሃ ጠጥታ፣ የተከካ በቆሎ ለቅማ ቶሎ ትመለሳለች።

በ7ኛው ቀን ማታ እንቁላሎቹን በባትሪ አየኋቸው። ሕይወት ያለው ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ቀይ የደም ሥር ይታያል። ሁለቱ ጥርት ያሉ ባዶ ስለነበሩ አወጣኋቸው። ከስድስቱ አምስቱ በ21ኛው ቀን ተፈለፈሉ። አንዱ ሞቶ ቀረ፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከዳር ሆኖ በርዶት ነው።

ጫጩቶቹ በአንድ ወር ውስጥ እናታቸውን ሊያክሉ ምንም አልቀራቸውም፣ ግን አሁንም ክንፏ ሥር ለመግባት ይጋፋሉ። ጭልፊት ሲያንዣብብ በአንድ ድምፅ ሁሉንም እንሰት ሥር ትሰበስባቸዋለች። ገብስማ መሆኗም ጠቅሟታል፤ ደረቅ የእንሰት ቅጠል መሃል ስትቆም እኔ ራሴ አጣታለሁ። ነጭ ብትሆን ኖሮ ጭልፊቱ ከሩቅ ያያት ነበር።

ደብተሬን እናቴ ሌላ አውራ ዶሮ ሸጣ ገዛችልኝ። ድንኳ አሁን እንደገና አቅፋለች፤ በዚህኛው ያስቀመጥኩላት 5 እንቁላል ብቻ ነው፣ ዛሬ 13ኛ ቀኗ ነው። ጎረቤታችን ያሉ እትዬም የእሳቸውን የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል እንድታቅፍላቸው ከአሁኑ ተራ ይዘዋል።