ቡና በቤታችን ስንቆላ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቡና አቆላል ነው። ይህን ጽሑፍ የያዛችሁ፣ እኔ ሳነብ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ።

«ቡና መቁላት የማያውቅ ማን አለና ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ አላውቅም ነበር። በቤታችን ቡና የሚቆሉት እናቴና እኅቶቼ ነበሩ። የእኔ ሥራ መጠጣት ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ አንድ ደጋ አገር ተመደብኩ። ቤት ተከራየሁ። ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና ገዛሁ። ምጣዱን ጥጄ የተማሪዎቼን ደብተር ማረም ጀመርኩ። ቀና ስል ቡናው ከሰል ሆኗል። አንዱን ፍሬ ሰበርኩት። ውጭው አሯል፤ ውስጡ ጥሬ ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ ሜዳ ቀረ።

አከራዬ አሮጊት ናቸው። ምጣዱን አይተው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ቡና እኮ ጥደውት የሚሄዱት ባቄላ አይደለም» አሉኝ። ከዚያ ቁጭ አድርገው አስተማሩኝ።

መጀመሪያ ቡናውን ሰፌድ ላይ አድርጋችሁ ልቀሙት። ጠጠሩን፣ የጠቆረውን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የተሰባበረውን አውጡ። ስባሪው ቶሎ ያርራል፤ ጠጠሩም ጥርስ ይሰብራል። ለአንድ ጊዜ ቡና አንድ ስኒ ጥሬ ቡና ይበቃል። ምጣዱን አትሙሉት። ከሞላ ከታች ያለው ሲያርር ከላይ ያለው ጥሬ ይቀራል። ቡናውን በውኃ አሽታችሁ ብታጥቡት አቧራውና ስስ ገለባው ይለቅላችኋል።

አሁን ወደ እሳቱ እንሂድ። እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ።

በዚያው ዓመት ክረምት፣ አንድ ማታ ዝናብ ይጥላል፤ ብርዱም ኃይለኛ ነው። በሩንና መስኮቱን ዘግቼ ከሰል አቀጣጠልኩ። ቡናዬን ቆላሁ። ራሴን ያመኝ ጀመር። ቡና ሳልጠጣ ስለ ዋልኩ ነው አልኩ። ሁላችንም እንዲህ እንላለን አይደል? ቡናው እስኪፈላ ስጠብቅ ቤቱ ዞረብኝ። ልነሳ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። እየዳኹ በሩን ከፍቼ ደጅ ላይ አስመለሰኝ። በሩ ሁለት እርምጃ ቢርቅ ኖሮ ዛሬ አልነግራችሁም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ስሙ ረጅም ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ካርቦን፤ ሞኖክሳይድ። ሽታ የለውም። ቀለምም የለውም። ስንተነፍሰው ደማችን ውስጥ ይገባና ለሕይወት የሚያስፈልገንን ኦክስጅን ቦታ ይይዛል። ብዙ ሰው ጭሱ ከጠፋና ፍሙ ከቀላ ችግር የለም ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ፍሙ ቀልቶም ጋዙ ይወጣል። ስለዚህ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሉ። የምትቆሉትም ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ይሁን። የግድ ቤት ውስጥ ከሆነ በርና መስኮት ክፈቱ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ ቶሎ ውጡ። የደከመውን ሰው ወደ ንጹሕ አየር አውጡትና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እሳቱ መካከለኛ ይሁን። ምጣዱ ሲግል ቡናውን ጨምሩና ሳታቋርጡ አማስሉ። ክንዳችሁ ይደክማል፤ እጅ ለውጡ እንጂ አታቁሙ። በመጀመሪያ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ጥሬ ቡና ውስጡ ውኃ አለው፤ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ከዚያ አረንጓዴው ቡና ቢጫ ይሆናል። የሚሸተውም እንደ ገብስ ቆሎ ነው። ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል፤ ፍሬውም ያብጣል።

አሁን ዓይናችሁን ብቻ ሳይሆን ጆሮአችሁንም አቅርቡ። ቡናው ጠሽ፣ ጠሽ እያለ ይንጣጣል። ውስጡ የታመቀው እንፋሎትና ጋዝ ፍሬውን ሰንጥቆ ሲወጣ ነው። በዚያን ጊዜ የፍሬው ሙቀት ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ደርሷል። መንጣጣቱ ሲበርድ ቡናው ለመጠጥ ደርሷል። ጠቆር ያለ የሚወድ ትንሽ ይቆይ። ወዝ አውጥቶ ካብለጨለጨ በኋላ ግን ወደ ማረር የሚወስደው ጥቂት ጊዜ ነው። በዚህ ሰዓት ሰው ቢጠራችሁ እንኳ «ቆይ!» በሉ። ሁሉም ነገር በትንሽ ምጣድ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል።

ልክ ሲደርስ ከእሳት ማውረድ ብቻ አይበቃም። የጋለ ምጣድ ላይ ከቆየ መቆላቱን ይቀጥላል። እንግዳ ካለ ጭሱን አሽትቱ፤ ወዲያው ግን ሰፌድ ላይ ገልብጡትና አንፍሱት። ገለባው ይበራል፤ ቡናውም ይቀዘቅዛል።

ብትመዝኑት ደግሞ ቀንሶ ታገኙታላችሁ። 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከ800 እስከ 850 ግራም ገደማ ይሆናል። ማንም አልሰረቃችሁም፤ አብዛኛው ውኃ ሆኖ ሄዷል። ጥሬ ቡና በደረቅ ቦታ ብዙ ወራት ይቆያል። የተቆላው ግን ሽታው ቶሎ ይጠፋል፤ የተወቀጠውማ ይብሳል። ስለዚህ ለዕለቱ የሚበቃችሁን ብቻ ቁሉ።

ስትጨርሱ ፍሙ ላይ ውኃ አፍስሱበት። ለብርድ ብላችሁ ወደ መኝታ ቤት እንዳታስገቡት። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ጀበና እናነባለን። እስከዚያው ደኅና ሁኑ።