መልባ፣ እንሰትና የሁምቦ ጉቶ

በደርግ ዘመን የፖለቲካ ትምህርት የተከታተለ ሰው ልዩነቱን በቃሉ ይወጣዋል፦ ኦዌንና ፉሪዬ በጎ ነገር አለሙ፣ ማርክስና ኤንግልስ ግን የታሪክን ሕግ አገኙ። የመጀመሪያው «ሕልማዊ»፣ ሁለተኛው «ሳይንሳዊ» ሶሻሊዝም ነው። የሁምቦ ወረዳ ከተማ በሆነችው ተበላ ላይ ቆሞ ወላይታን ለሚያይ ግን ድንበሩ ይደበዝዛል። ልዩነቱን የሚያመጣው ብዙም ያልተወራለት አንድ ነገር ይመስለኛል፤ እሱም ገበሬው «አልሆነልኝም» ብሎ መውጣት መቻሉ ነው።

ሕልመኛ የተባለው ኦዌን ሐሳቡን የሞከረው ራሱ በሚያስተዳድረው የኒው ላናርክ ፋብሪካ ነበር። በ1825 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የጀመረው ኒው ሃርመኒ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሲፈርስ ሰዉ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ሙከራ ማለት ይኸው ነው። በእኛ አገር ግን ሚያዝያ 1968 ዓ.ም. ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም የመንግሥት መመሪያ ከሆነ በኋላ የሚጠራጠር ገበሬ «ያልነቃ» ተባለ፤ ሲከፋም «አድኃሪ»። ሳይንስ ነው ከተባለ ጥያቄው ማስረጃ መሆኑ ይቀርና ጥፋት ይሆናል።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጭሰኛን ነፃ ማውጣቱ ታላቅ ነገር ነው፤ ይህን አልክድም። ሰኔ 1971 ዓ.ም. የመጣው የአምራቾች ኅብረት ሥራ መመሪያ ግን ሌላ ነገር ነበር። ገበሬው በመጀመሪያው ደረጃ፣ በመልባ፣ መሬቱን ያዋህዳል፣ በሁለተኛው፣ በወልባ፣ በሬውንና ሞፈሩን ይጨምራል፣ በመጨረሻም ወላንድ ይመጣል። በመልባ ለቤተሰቡ የሚቀረው ከ2,000 ካሬ ሜትር አይበልጥም።

የወላይታን ጓሮ እንይ። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ፍጉም በየጊዜው ከበረት እየተጋዘ ሥሩ ይጣልለታል። ይህን የሚያደርግ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላም እዚያው እንደሚኖር የሚተማመን ነው። የበረቱ ፍግ ወደ ማኅበሩ ማሳ ይሂድ ወይስ ወደ ጓሮው? መመሪያው ይህን ቢጠይቅ ኖሮ መልሱን አስቀድሞ ያገኘው ነበር። መልሱ ግን የመጣው የካቲት 1982 ዓ.ም. ነው፤ ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀና ብዙዎቹ ማኅበራት በወራት ውስጥ ፈረሱ። ገበሬው መውጣት በቻለ ጊዜ ወጣ።

ማኅበር ራሱ ለወላይታ ባዕድ አይደለም። ሁምቦ ውስጥ ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት በወርልድ ቪዥን ድጋፍ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከልለው፣ መሬት ውስጥ በሕይወት የቀረው ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ ቅርንጫፉን እየገረዙ ደኑን መለሱት። ከብት አይለቀቅበትም፤ ሣሩ ታጭዶ ይወሰዳል። ደኑ ያመቀውን ካርቦን ለዓለም ባንክ ፈንድ ሸጠዋል። ገንዘቡ ከውጭ ነው፣ ዕቅዱም ቢሆን ከሌላ የመጣ ነው፤ ነገር ግን ማኅበራቱ በእጃቸው የመጠቀሚያ መብት ማረጋገጫ አላቸው። ፎገራ ያለው የአውራምባ ማኅበረሰብም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዛሬ አለ፤ ማንም «ሳይንሳዊ» ብሎት አያውቅም።

አሁን ደግሞ ተራው የኩታ ገጠም እርሻ ነው፤ ቃሉም «ዘመናዊ» ሆኗል። ጥቅሙ ይገባኛል፤ ግብዓቱም ገበያውም አብሮ ይቀላል። ስጋቴ ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ማሳ ያለው ሰው ላይ ነው። ጎረቤቶቹ ሁሉ ስንዴ ሲዘሩ እሱ ለልጆቹ ስኳር ድንች ልትከል ቢል፣ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ የሚጽፍበት ቅጽ ላይ ለእሱ የተተወ ቦታ አለ?