ያልወጣው ስልክ እና የአሜሪካው ወረቀት

ባለፈው የገና ሰሞን ከቨርጂኒያ የመጣ ሰው ልጄ የላከችልኝን ስልክ ይዞልኝ መጣ። ማሸጊያው እንኳ ያልተነካ፣ አዲስ ስልክ ነው። ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ገና ወር አልሞላትም ነበርና የስጦታው ዓላማ ግልጽ ነበር፤ አያትየዋ ሕፃኑን በቪዲዮ እንድታይ።

ሲም ካርዴን አስገባሁ፤ መደወሉን ይደውላል። ቪዲዮው ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሕፃኑ ሲያዛጋ አፉ እንደተከፈተ ይቀራል። ልቅሶው ቀድሞ ይደርሰኛል፤ ፊቱ ሲያለቅስ የማየው እናቱ አባብላው ከጨረሰች በኋላ ነው። ልጄ በየሳምንቱ «እማዬ፣ ስልኩ እንዴት ነው?» ትለኛለች። እኔም «በጣም ጥሩ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እላታለሁ። እርጉዝ ሆና የሌሊት ፈረቃ እየሠራች ባጠራቀመችው ገንዘብ የገዛችውን ዕቃ እንዴት አድርጌ አይሠራም ልበላት? ጥፋቱን ሁሉ ኔትወርክ ላይ ጣልኩት።

አንድ ቀን ግን ጎረቤቴ መጥታ እኔው ሳሎን፣ እኔው ሶፋ ላይ ተቀምጣ ዱባይ ካለችው ልጇ ጋር በቪዲዮ ያለ ችግር ስታወራ አየኋት። የእርሷ ስልክ ያረጀ፣ መስታወቱም የተሰነጠቀ ነው። በነርስነት የሠራሁባቸው ዓመታት አንድ ነገር አስተምረውኛል፤ ሁለት ሰዎች ከአንድ ማዕድ በልተው አንዱ ብቻ ከታመመ፣ ምግቡን ከመውቀስህ በፊት ሰውየውን መርምር። ስልኩን ይዤ ወደ ጥገና ቤት ሄድኩ። ልጁ ስልኩን ገለባበጠና «ማዘር፣ ስልክዎ ጤነኛ ነው። ለአሜሪካ የተሠራ ስለሆነ የእኛን 4ጂ አይስብም» አለኝ። የምርመራውንም አልተቀበለኝም።

ነገሩን በደንብ ያስረዳኝ የአሥራ ስድስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ነው። እኔም እንዲገባኝ በአባቱ ቤት ባለው የድሮ ሬዲዮ መሰልኩት። የእኔ እድሜ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የጀርመንን ድምፅ ለመስማት ሬዲዮው አጭር ሞገድ ሊኖረው ይገባ ነበር። አጭር ሞገድ የሌለው ሬዲዮ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ድምፁን አያመጣውም። ስልክም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ አገር ለስልክ የመደበው የሞገድ መደብ አለ፤ «ባንድ» ይሉታል፤ በቁጥርም ይጠራል። በአውሮፓና በብዙ የአፍሪካ አገሮች፣ በእኛም ጭምር፣ 4ጂ በዋናነት የሚጓዘው ባንድ 3 በሚባለው፣ በ1800 ሜጋኸርትዝ ላይ ነው። አሜሪካኖቹ ይህን ባንድ ለሞባይል አይጠቀሙበትም። እነርሱ ዘንድ ባንድ 2 አለ፤ ባንድ 4 እና 66 አሉ፤ በ700 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ደግሞ ባንድ 12 እና 13 አሉ። ለአሜሪካ ገበያ ብቻ ተብሎ በርካሽ የሚሠራ ስልክ ባንድ 3 ተትቶበት ሊወጣ ይችላል። የእኔ ስልክ በሽታ ይኸው ነበር። 4ጂውን ሲያጣው ወደ 3ጂ ይወርዳል፤ ቪዲዮውም እዚያው ይንፏቀቃል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ። በየካቲት ወር ግን ልጄ ሌላ ዜና ይዛ መጣች። «እማዬ፣ በቅርቡ አዲስ ስልክ ሊወጣ ነው፤ ሲወጣ እሱን እልክልሻለሁ፤ ያኛውን ለሌላ ሰው ትሰጪዋለሽ» አለችኝ። ደነገጥኩ። ሁለተኛም እንደ መጀመሪያው ቢሆንስ? የልጅ ልጄን ጠርቼ አማከርኩት። ሳቀና «እማማ፣ ስልኩ ባይወጣም ወረቀቱ ወጥቷል» አለኝ። ያላየሁትን ዓለም ያሳየኝ ያን ጊዜ ነው።

በአሜሪካ የሬዲዮ ሞገድ የሚያመነጭ ዕቃ ሁሉ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ፈቃድ ማግኘት አለበት። ፈቃዱን የሚቆጣጠረው እ.ኤ.አ. በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ነው፤ በአጭሩ ኤፍሲሲ ይባላል። ስልኩ በቤተ ሙከራ ይመረመራል፤ የምርመራው ውጤት መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ፈቃዱ ሲሰጥ መዝገቡ ለማንም ሰው ክፍት ይሆናል። ኩባንያው የስልኩ ፎቶና የአጠቃቀም መመሪያው ለጊዜው እንዲደበቅለት መጠየቅ ይችላል፤ እስከ 180 ቀን ድረስ ይፈቀድለታል። የምርመራ ውጤቱ ግን አይደበቅም። ስለዚህ ስልኩ በመድረክ ከመታየቱ ሳምንታት ቀድሞ የትኛው ባንድ ላይ እንደተመረመረ ማንበብ ይቻላል። ለእኔ ነገሩ የሕመምተኛው ካርድ ከሕመምተኛው ቀድሞ ክፍሉ እንደሚደርሰው ያለ ነው። ሰውየውን ሳታየው እድሜውን፣ ክብደቱንና የደሙን ውጤት ታውቃለህ።

ኩባንያዎቹም ይህን ያውቃሉ። ስቲቭ ጆብስ የመጀመሪያውን አይፎን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 2007 ሲሆን ስልኩ ለሽያጭ የቀረበው ግን በሰኔ መጨረሻ ነው። ቀድሞ ያሳየበትን ምክንያት እዚያው መድረክ ላይ ተናግሮታል። የኤፍሲሲ ፈቃድ ወራት ስለሚወስድ፣ ስልኩን መሥሪያ ቤቱ ለሕዝብ ከሚያስተዋውቅላቸው ራሳቸው ቢያስተዋውቁት ይሻላል ብለው ነበር።

«እሺ፣ ስሙ ካልተጻፈ የትኛው ስልክ እንደሆነ በምን ታውቃለህ?» አልኩት። በቁጥሩ ነው አለኝ። እያንዳንዱ ፈቃድ መለያ አለው። የመለያው መጀመሪያ የኩባንያው ነው፤ የሳምሰንግ «ኤ3ኤል»፣ የአፕል «ቢሲጂ» ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የስልኩ ቁጥር ነው። ለምሳሌ የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ22 ቁጥር 901 ነበር፤ የኤስ23 911 ሆነ፤ የኤስ24 921፣ የኤስ25 ደግሞ 931። እንዲህ በተራ የሚሄድን ቁጥር ያየ ሰው፣ ቀጣዩ ወረቀት ሲገባ የማን እንደሆነ ለመገመት ጠንቋይ ቤት አይሄድም። ከቁጥሩ ኋላ ያለው ፊደል ደግሞ ገበያውን ይናገራል፤ «ዩ» ለአሜሪካ፣ «ቢ» ለብዙ ሌሎች አገሮች፣ «ኤን» ለኮሪያ ነው። ፊደል ባይኖር እንኳ ባንዶቹ ራሳቸው ያጋልጣሉ። ባንድ 71 ከተመረመረ ስልኩ ለቲሞባይል መስመር ታስቧል ማለት ነው፤ ባንድ 13 ካለ ለቬራይዘን።

የልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ካሳየኝ በኋላ ልጄ ልትልክልኝ ያሰበችውን ስልክ መዝገብ ከፈተ። ጣቱን በዝርዝሩ ላይ እያንሸራተተ 2፣ 4፣ 5፣ 12፣ 13፣ 66 እያለ አነበበና ፊቱ ጠቆረ። «እማማ፣ ባንድ 3 የለም። እንዳትገዛው ንገሪያት» አለኝ።

ስልኩን አንስቼ ልደውልላት ስል አንድ ነገር ያዘኝ። «ይህ ወረቀት ባንድ 3ን መርምሮ የለም ብሏል ወይስ መጀመሪያውኑ አልመረመረውም?» አልኩት። ዝም አለ። ቤተ ሙከራ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ሐኪሙ ወባ እንዲመረመር ካላዘዘ የወባው ቦታ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። ያ ባዶ ቦታ ሰውየው ወባ የለበትም ማለት አይደለም። በወጣትነቴ ይህን ሁለቱን ያምታታ ባልደረባ ከአለቃችን የደረሰበትን ቁጣ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ልጁ ተመልሶ ሲያነብ ነገሩ እንደዚያው ሆኖ ተገኘ። ኤፍሲሲ የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ነው፤ የሚመለከተው በአሜሪካ አየር ላይ የሚለቀቀውን ሞገድ ነው። ባንድ 3 እዚያ ሥራ ላይ ስለማይውል ስልኩ ቢኖረውም ባይኖረውም በምርመራ ውጤቱ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ የአሜሪካው ወረቀት ስልኩ መምጣቱንና ለማን እንደተሠራ ይነግረናል፤ አዲስ አበባ ላይ እንደሚሠራ ግን አይነግረንም። ዋጋውንም፣ የሚወጣበትንም ቀን አይናገርም። ለእኛ የሚያስፈልገው ሙሉው የባንድ ዝርዝር ነው፤ እርሱን አምራቹ ስልኩ ሲወጣ በሞዴል ቁጥሩ ያወጣዋል። «እንጠብቅ» ተባባልን።

መዝገቡ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ነርስ ስለነበርኩ ጎረቤቶቼ «ስልክ ጭንቅላት ይጎዳል ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ከምርመራዎቹ አንዱ ሰውነት ከስልኩ ሞገድ ምን ያህል ኃይል እንደሚቀበል የሚለካ ነው። በአሜሪካ ጣሪያው በአንድ ግራም የሰውነት ክፍል ሲለካ በኪሎግራም 1.6 ዋት ነው፤ በአውሮፓ በአሥር ግራም ሲለካ 2 ዋት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን ዓይነት ሞገድ «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ይህ ያመጣል ብሎ ከመወሰን የተለየ ነው፤ ማስረጃው ውስን ስለሆነ ገና ይጠና ማለት ነው። የሰጋ ሰው በድምፅ ማጉያው ወይም በጆሮ ማዳመጫ ያውራ፤ ስልኩ ከጭንቅላት በራቀ ቁጥር ሰውነት የሚቀበለው ኃይል በጣም ይቀንሳል።

እንግዲህ ልጆቻችሁ ከውጭ ስልክ ሊልኩላችሁ ሲሉ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ከማለታችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን። የስልኩ የንግድ ስም አይበቃም፤ በአንድ ስም የሚሸጡ የተለያዩ ስልኮች አሉ። አይፎን 14 ለምሳሌ በአሜሪካ የሚሸጠው ኤ2649 ሲሆን በብዙ ሌሎች አገሮች የሚሸጠው ኤ2882 ነው። ሁለተኛ፣ በዚያ ቁጥር አምራቹ ባወጣው ዝርዝር ውስጥ ባንድ 3 መኖሩን። ሦስተኛ፣ ስልኩ ለአንድ መስመር ብቻ ያልተቆለፈ መሆኑን። አራተኛ፣ የሲም ካርድ ማስገቢያ እንዳለው። በአሜሪካ የሚሸጡት አይፎኖች ከ14 ጀምሮ ማስገቢያ የላቸውም፤ ኢሲም በሚባለው ብቻ ነው የሚሠሩት። ካርዳችሁን ይዛችሁ ቀዳዳ ስትፈልጉ እንዳትውሉ።

ወደ ልጆቻችሁ ለመሄድ የምትዘጋጁም አስቡበት። ትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 የ3ጂ መስመራቸውን ዘግተዋል። እዚህ በደንብ የሚሠራ አሮጌ ስልክ እዚያ ሲደርስ መደወል ሊያቅተው ይችላል። ብቻውን ቤት የሚውል ሽማግሌ በቸገረው ሰዓት መደወል አለመቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። ከመሳፈራችሁ በፊት የሞዴል ቁጥራችሁን ለልጆቻችሁ ላኩላቸውና ያጣሩላችሁ።

ወደ እኔ ነገር ልመለስ። የሞዴል ቁጥሩን ለመጠየቅ ለልጄ ስደውል ምክንያቱንም መናገር ግድ ሆነ። የገናው ስልክ 4ጂ እንደማይስብ፣ ሦስት ወር ሙሉ ልጇን እየቆመ በሚሄድ ምስል እንዳየሁት ነገርኳት። እንደፈራሁት አልተቆጣችም። ብዙ ዝም ብላ ቆየችና «እማዬ፣ ምንም ስላላልሽኝ ደህና መስሎኝ ነበር» አለች። ለልጅ ልጄ ስለ ባዶው ቦታ ያስተማርኩት እኔ፣ በገዛ ልጄ ፊት ባዶ ወረቀት ይዤ ከርሜያለሁ።

ስልኩ ወጣ። ዝርዝሩ ሲወጣ ባንድ 3 አለበት፤ የሲም ማስገቢያም አለው። የመጣው ከትንሣኤ በኋላ በዘመድ ሻንጣ ነው። ሕፃኑ አሁን ተደግፎ መቀመጥ ጀምሯል። ሲያዛጋም አፉን መልሶ ሲዘጋ አየዋለሁ።