ሰሙም ወርቁም የራሳችሁ ይሁን

መስከረም ሲጠባ በሲያትል ያሉ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን አንድ ከባድ ሥራ ይጠብቃቸዋል፤ ለኮሌጅ ማመልከቻ ድርሰት መጻፍ። "ኮመን አፕ" በተባለው ማመልከቻ የዋናው ድርሰት ርዝመት ከ250 እስከ 650 ቃላት ነው።

ብዙ ልጆች መጀመሪያ የሚያስቡት የወላጆቻቸውን ስደት ነው። ታሪኩ ትልቅ ነው፤ ግን የማን ነው? አባት በሱዳን በኩል እንዴት እንደወጡ ብቻ የሚናገር ድርሰት፣ አንባቢው አባትን እንዲያደንቅ ያደርጋል። ኮሌጅ የሚገባው ግን ልጁ ነው።

ሌሎች ደግሞ በአጻጻፍ ውበት ይማረካሉ። ሕይወታቸውን ከጀበና ጋር ያመሳስላሉ፤ በቡና ጢስ ይጀምራሉ። ያምራል። ነገር ግን ስማችሁ ወጥቶ የሌላ ልጅ ስም ቢገባበት ድርሰቱ ካልተለወጠ፣ እናንተ ውስጡ የላችሁም።

የቅኔ መምህራን ስለ ሰምና ወርቅ ያስተምራሉ። አንጥረኛ መጀመሪያ በሰም ቅርጽ ያወጣል፤ ኋላ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። የድርሰት ፈጠራም እንደ ሰም ነው፤ ቅርጽ ይሰጣል። ወርቁ ያያችሁት፣ ያደረጋችሁትና ያሰባችሁት ነው።

ለምሳሌ አንዲት ተማሪ ለአያቷ ሐኪም ቤት ታስተረጉማለች እንበል። አያት "ሆዴ ባብቷል" ይላሉ። ሐኪሙ ሆዳቸውን ሊመረምር ይነሣል። ልጅቷ ግን አያቷ ያዘኑት በሆድ ሕመም እንዳልሆነ ታውቃለች። ምን ብላ ተረጎመችው? ለምን? ወርቁ እዚያ መልስ ውስጥ ነው።

ይህ ዛሬ የበለጠ ያስፈልጋል። በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኮሌጆች ተማሪን በዘሩ እንዳይመርጡ ወስኗል። ተማሪው ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያመጣውን ነገር መጻፍ ግን አልተከለከለም። ስለዚህ "ኢትዮጵያዊ ነኝ" ማለት ብቻ አይበቃም፤ ያ ማንነት ምን እንዳስተማራችሁ አሳዩ።

በቤታችን ራስን ማመስገን ነውር ነው። አትመጻደቁ፤ የሆነውን ብቻ በግልጽ ተናገሩ። የቤተሰብን ምስጢር ከመጻፋችሁ በፊትም ባለቤቱን አስፈቅዱ።

ድርሰቱን ስትጨርሱ ለእናታችሁ በአማርኛ ንገሯት። "ይሄማ አንተ ነህ" ወይም "ይሄማ አንቺ ነሽ" ካለች ተሳክቷል። "የማን ልጅ ነው?" ካለች ግን እንደገና ጀምሩ።