ዴሞ አካውንት፦ የፎሬክስ ንግድ የልምምድ ሜዳ

ዴሞ አካውንት አንድ ሰው እውነተኛውን የገበያ ዋጋ እየተከታተለ፣ በቁጥር ብቻ በተመዘገበ ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ የሚገዛበትና የሚሸጥበት የልምምድ ሂሳብ ነው። ነጋዴውን ከገበያው ጋር የሚያገናኙት ድርጅቶች፣ ብሮከሮች፣ በነጻ ይከፍቱታል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው የዩሮና የዶላር ዋጋ በዚያች ሰዓት ገበያው ላይ ያለው ዋጋ ነው፤ ግራፉም፣ ትእዛዝ የሚሰጥበት ቁልፍም፣ የሂሳብ መዝገቡም ከእውነተኛው አካውንት ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነቱ ትርፉ ወጪ ሆኖ አለመወሰዱ፣ ኪሳራውም ከማንም ኪስ አለመከፈሉ ነው። የዴሞ ጥቅምም ጉድለትም የሚመነጨው ከዚሁ ልዩነት ነው።

ልማዱ ከኮምፒውተር ይቀድማል። የአክሲዮን ገበያ ጀማሪዎች ዛሬ ይህን ብገዛ፣ ከሳምንት በኋላ ብሸጥ ብለው ዋጋውን በደብተር እየጻፉ ራሳቸውን ይፈትኑ ነበር። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ እስከ ዛሬ «የወረቀት ንግድ» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ደብተሩን ወደ ስክሪን ካሸጋገሩት ፕሮግራሞች መካከል በጀማሪዎች ዘንድ በሰፊው የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 (ከዚህ በታች ያሉት ወራትና ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ሜታትሬደር 4 ሲሆን፣ ተከታዩ ሜታትሬደር 5 በ2010 ወጥቷል። ሁለቱም በስልክና በኮምፒውተር ይሠራሉ፤ በሁለቱም ዴሞ መክፈት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

የሚለማመዱበት ገበያ

በኢትዮጵያ «ፎሬክስ» ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ጥሬ ዶላር የሚመነዘርበትን ቢሮ ነው። እዚህ የሚነገርለት ንግድ ግን ሌላ ነው። በዚህኛው ነጋዴው የገንዘብ ኖት አይረከብም፤ የሁለት አገሮች ገንዘብ (ሁለቱ አብረው ጥንድ ይባላሉ) እርስ በርስ ያለው ዋጋ ይወጣል ወይስ ይወርዳል የሚለውን ገምቶ ከዋጋው ልዩነት ያተርፋል ወይም ይከስራል። ዩሮ ይወደዳል ያለ ይገዛል፤ ይረክሳል ያለ ደግሞ አስቀድሞ ሸጦ፣ ዋጋው ሲወርድ መልሶ ይገዛል።

ገበያው ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። በ1944 በብሬተን ዉድስ የተደረሰው ስምምነት የአገራትን ገንዘብ ከዶላር፣ ዶላርን ከወርቅ ጋር አስሮ ነበር። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ነሐሴ 1971 ዶላር ከወርቅ ጋር ያለውን ትስስር አቋረጡ፤ በ1973 የዋና ዋናዎቹ ገንዘቦች ዋጋ በገበያ መወሰን ጀመረ። የዓለም አቀፍ ክፍያዎች ባንክ በሚያዝያ 2022 ባደረገው ቆጠራ በቀን የሚገበያየው መጠን 7.5 ትሪሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። የዚህ ግብይት ዋና ተዋናዮች ባንኮች፣ የኢንቨስትመንት ድርጅቶችና ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው፤ ከቤቱ ሆኖ የሚነግደው ግለሰብ ገበያውን ይከተላል እንጂ አይመራውም።

ገበያው አንድ አዳራሽ የለውም። በኒው ዮርክ አቆጣጠር እሑድ ከሰዓት በኋላ በአምስት ሰዓት ተከፍቶ ዓርብ በዚያው ሰዓት ይዘጋል፤ በኢትዮጵያ ይህ ሰዓት እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት ላይ ይውላል። እንቅስቃሴው የሚበረታው ለንደንና ኒው ዮርክ አብረው በሚሠሩበት ጊዜ ነው፤ ይህም በአሜሪካና በአውሮፓ የበጋ ወራት በአዲስ አበባ ከቀኑ ዘጠኝ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ከመጀመሪያው ትእዛዝ በፊት የሚታወቁ ቃላት

ፒፕ የዋጋ ለውጥ መለኪያ ነው። የዩሮ ዋጋ ከ1.1000 ዶላር ወደ 1.1001 ሲሄድ አንድ ፒፕ ወጣ ይባላል። የጃፓን የን ባለበት ጥንድ ፒፕ የሚቆጠረው ከነጥብ በኋላ በሁለተኛው አሃዝ ነው።

ሎት የንግዱ መጠን ነው። አንድ ሙሉ ሎት 100,000 ዩሮ ሲሆን በዩሮና ዶላር ጥንድ አንድ ፒፕ 10 ዶላር ያወጣል። ሚኒ ሎት የዚህ አንድ አሥረኛ፣ ማይክሮ ሎት ደግሞ አንድ መቶኛ ነው፤ በማይክሮ ሎት አንድ ፒፕ 10 ሳንቲም ብቻ ነው።

ስፕሬድ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ነጋዴው ገና ሲገባ ይህን ያህል ከስሮ ይጀምራል፤ የብሮከሩም አንዱ ገቢ ይኸው ነው። የተከፈተን ንግድ ሳይዘጉ ማሳደር ደግሞ ስዋፕ የሚባል ሂሳብ ያስከትላል፤ በአብዛኞቹ ጥንዶች ረቡዕ ሌሊት የሦስት ቀን ይታሰባል።

ሌቨሬጅ ነጋዴው በትንሽ መያዣ ትልቅ መጠን እንዲያንቀሳቅስ የሚያስችል አሠራር ነው፤ መያዣው ማርጂን ይባላል። በ30 ለ1 ሌቨሬጅ 2,200 ዶላር የሚያወጣ ንግድ ለመክፈት 73 ዶላር ገደማ ይበቃል። ትርፉም ኪሳራውም የሚሰላው ግን በ73ቱ ላይ ሳይሆን በ2,200ው ላይ ነው። የአውሮፓ የገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2018 ለግለሰብ ነጋዴዎች በዋና ዋና ጥንዶች ላይ ከ30 ለ1 እንዳይበልጥ የወሰነውም በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው ጊዜ ይፋ ባደረገው መሠረት፣ በእንዲህ ዓይነት የሌቨሬጅ ውሎች ከሚነግዱ የግለሰብ አካውንቶች ውስጥ ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆኑት በተለምዶ ገንዘብ ያጣሉ። በአሜሪካ ጣሪያው ለዋና ጥንዶች 50 ለ1 ነው።

አከፋፈቱ

የመጀመሪያው ሥራ ብሮከር መምረጥ ነው። ዴሞ ምንም ስለማያስከፍል ብዙዎች ይህን ደረጃ ይዘሉታል፤ ነገር ግን ዛሬ ዴሞ የተከፈተበት ቤት ነገ ገንዘብ የሚገባበት ቤት ነው። ፈቃድ አለኝ የሚል ብሮከር ስሙ በተቆጣጣሪው መዝገብ መኖሩ ይጣራል። የእንግሊዝ የፋይናንስ ተቆጣጣሪም ሆነ የአሜሪካ ብሔራዊ ፊውቸርስ ማኅበር ማንም በነጻ የሚፈልግበት መዝገብ አላቸው። የተረጋገጠ ትርፍ የሚያስተዋውቅ ወይም «አካውንትህን ስጠን እኛ እንነግድልህ» የሚል ሰው ሲመጣ ፈቃዱን ማየት፣ ፈቃድ ከሌለው መራቅ ነው።

ቀጥሎ ስምና ኢሜይል ይሞላል፤ የአካውንቱ ዓይነት፣ ገንዘቡ፣ ሌቨሬጁና የመነሻ መጠኑ ይመረጣል። ፕሮግራሙ የመግቢያ ቁጥርና የይለፍ ቃል ይሰጣል። የሰርቨሩ ስም ላይ ዴሞ የሚል ቃል መኖሩን ማየት ከስህተት ያድናል።

ብዙ ልምምድ የሚበላሸው የመነሻውን መጠን በመምረጡ ላይ ነው። ፕሮግራሞቹ አብዛኛውን ጊዜ 10,000 ወይም 100,000 ዶላር ያቀርባሉ። በ100,000 ዶላር ዴሞ አሥር ሎት የከፈተ ሰው በ20 ፒፕ 2,000 ዶላር ያተርፋል፤ ይህን ማየት ያስደስታል። በኪሱ ያለው 500 ዶላር ከሆነ ግን ተመጣጣኙ ንግድ አምስት ማይክሮ ሎት ነው፤ ትርፉም 10 ዶላር ነው። ሁለቱም የሂሳቡ ሁለት በመቶ ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ 2,000 የለመደ ዓይን 10 ዶላር አያጠግበውም፣ የሎቱን መጠን ያሳድጋል፣ ሂሳቡም ይቃጠላል። ስለዚህ ዴሞው ነገ በእውነት በሚገባው ገንዘብ ልክ፣ በዚያው ሌቨሬጅ መከፈት አለበት።

በዴሞ የሚሠለጥኑ ነገሮች

መጀመሪያ የሚለመደው መሣሪያው ነው፦ ትእዛዝ መክፈት፣ መዝጋት፣ ዋጋው አንድ ቦታ ሲደርስ በራሱ እንዲከፈት ማዘዝ፣ ኪሳራ የሚያቆመውን ስቶፕ ሎስና ትርፍ የሚወስደውን ቴክ ፕሮፊት ማስቀመጥ። ከመግዛት ይልቅ መሸጥን መጫን፣ 0.01 ለማለት 0.10 መጻፍ፣ ስቶፕ ሎስን በተሳሳተ በኩል ማኖር የጀማሪ ሁሉ ስህተቶች ናቸው። በዴሞ ዋጋ አያስከፍሉም፤ እጅ እስኪለምድ ድረስ እዚያው ሊያልቁ ይገባል።

ሁለተኛው የመጠን ስሌት ነው። 500 ዶላር ያለው ሰው በአንድ ንግድ ከሂሳቡ አንድ በመቶ፣ ማለትም 5 ዶላር በላይ ላለማጣት ቢወስንና ስቶፕ ሎሱ 25 ፒፕ ቢርቅ፣ 5ን ለ25 ሲያካፍል በፒፕ 20 ሳንቲም ያገኛል፤ ይህ ሁለት ማይክሮ ሎት ነው። ስሌቱ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በፊት ይሠራል። ጥቅሙ የሚታየው ኪሳራ ሲደጋገም ነው። በየንግዱ ሁለት በመቶ የሚያስይዝ ሰው አሥር ጊዜ በተከታታይ ቢሸነፍ 18 በመቶ ገደማ ያጣል፤ አሥር በመቶ የሚያስይዘው ግን 65 በመቶ ያጣል። ግማሹን ያጣ ሂሳብ ወደ ነበረበት ለመመለስ በቀረው ላይ መቶ በመቶ ማትረፍ አለበት።

ሦስተኛው ማስታወሻ መያዝ ነው። ቀኑ፣ ጥንዱ፣ የተገባበት ምክንያት፣ ስቶፕ ሎሱ፣ ውጤቱና ሕጉ ተጠብቆ እንደሆነ ይጻፋል። ፕሮግራሙ ዋጋውንና ሰዓቱን በራሱ ይመዘግባል፤ ምክንያቱን ግን ሰውየው ካልጻፈው ከሳምንት በኋላ አያስታውሰውም።

አራተኛው አንድን ስልት ሳይቀያይሩ መፈተን ነው። አምስት ንግድ አትርፎ ስልቱ ሠራ ማለት፣ ሦስት ከስሮ ሌላ ስልት መፈለግ፣ ሁለቱም ከዕድል በላይ የሚያሳዩት ነገር የለም። በዚያው ሕግ መቶ ያህል ንግድ ሲከማች፣ ዋጋ የሚወጣበትም፣ የሚወርድበትም፣ ዝም ብሎ የሚቆምበትም ጊዜ ውስጥ ሲያልፍ ነው የስልቱ ጠባይ የሚታወቀው። ዜና የሚወጣበት ሰዓትም የልምምዱ አካል ነው። የአሜሪካ የሥራ ቅጥር ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ በወሩ የመጀመሪያ ዓርብ፣ በኢትዮጵያ እንደ ወቅቱ ከቀኑ ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሲወጣ ዋጋው ምን ያህል እንደሚዘል፣ ስፕሬዱም እንዴት እንደሚሰፋ በዴሞ ማየት ይቻላል።

ዴሞ የማያስተምረው

በዴሞ ትእዛዝ ብዙ ጊዜ በታየው ዋጋ ወዲያው ይፈጸማል፤ ከጀርባው እውነተኛ ሻጭና ገዢ መገናኘት የለባቸውምና። በእውነተኛው ገበያ ዋጋ ሲዘል ትእዛዙ ከተጠየቀው ርቆ ሊፈጸም ይችላል። የዚህ ትልቁ ማሳያ የስዊዘርላንድ ፍራንክ ነው። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ከመስከረም 2011 ጀምሮ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ይጠብቅ ነበር። ጥር 15 ቀን 2015 ይህን ጥበቃ በድንገት ሲያነሳ ፍራንክ በደቂቃዎች ውስጥ እስከ 30 በመቶ ገደማ ተወደደ። ስቶፕ ሎስ ያስቀመጡ ሰዎች ትእዛዛቸው ካሰቡት በብዙ ርቆ ተፈጸመ፤ አንዳንዶቹ ያስገቡትን ሁሉ አጥተው የብሮከሩ ባለዕዳ ሆኑ። አልፓሪ ዩኬ የተባለው የእንግሊዝ ብሮከር ከሰረ፤ ኤፍኤክስሲኤም የተባለው የአሜሪካ ብሮከር ደግሞ በ300 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተረፈ።

የአሜሪካ የፊውቸርስ ግብይት ኮሚሽን ደንብም ይህን ልዩነት ያውቃል። በሙከራ የተገኘ ውጤት ለሕዝብ ሲቀርብ፣ ውጤቱ እውነተኛ ግብይትን እንደማይወክል የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ አብሮ እንዲወጣ ያዛል።

ሁለተኛው ጉድለት ከሰው ልብ ይመጣል። ዳንኤል ካህነማንና ኤሞስ ትቨርስኪ በ1979 ባሳተሙት ሥራ፣ ሰው አንድን ያህል ገንዘብ ሲያጣ የሚሰማው ሕመም ያንኑ ያህል ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ቴራንስ ኦዲን በ1998 የአሥር ሺህ የአሜሪካ አክሲዮን ነጋዴዎችን አካውንት መርምሮ፣ ሰዎች ያተረፈውን ቶሎ እንደሚሸጡ፣ የከሰረውን ደግሞ ይመለሳል እያሉ እንደሚያቆዩ አገኘ። በዴሞ ኪሳራው አያምም፤ ስለዚህ ስቶፕ ሎስን ወደ ኋላ የመግፋት፣ የጠፋውን ለመመለስ ወዲያው እጥፍ የማስያዝ ፈተናው በሙሉ ኃይሉ አይመጣም። በዴሞ ረጋ ብሎ የነገደ ሰው በራሱ ገንዘብ ሲሆን እጁ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው።

ወደ እውነተኛው አካውንት መሻገር

ለመሻገር መለኪያው የዴሞው ትርፍ ብቻ አይደለም። ቢያንስ ጥቂት ወራት ያለፉበት መዝገብ መኖሩ፣ ንግዶቹ በተጻፈው ሕግ መሠረት መከፈታቸውና መዘጋታቸው፣ ትልቁ ኪሳራም ከተወሰነው ልክ አለማለፉ ይታያል። እነዚህ ከተሟሉ በማይክሮ ሎት፣ ቢጠፋ ኑሮን በማያናጋ ገንዘብ ይጀመራል። የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና ብድር ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ውጤቱ ከዴሞው ሲለይ ልዩነቱ ከዋጋ አፈጻጸም ይሁን ከራስ ድርጊት በማስታወሻው ይመረመራል፤ ስልት ለመቀየር ሲፈለግም ወደ ዴሞ መመለስ ነውር የለውም።

በኢትዮጵያ ለሚኖር ሰው ተጨማሪ ጥያቄ አለ። በሐምሌ 2024 ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ቢያደርግም፣ ገንዘብን ለእንዲህ ዓይነት ንግድ ወደ ውጭ መላክ በባንኩ የውጭ ምንዛሪ ደንብ የሚዳኝ ጉዳይ ነው። ከመላክ በፊት ደንቡን ማወቅ ግድ ነው። ዴሞ ግን ገንዘብ ስለማያንቀሳቅስ ከየትም ሆኖ መማሪያ ነው።

የዴሞ ትርፍ ማንንም አላበለጸገም፤ ሊያበለጽግም አይችልም። ዋጋው በሚያስቀረው ስህተት ይመዘናል። በራሱ ገንዘብ ልክ የተከፈተ፣ በሕግ የተመራና በማስታወሻ የተመዘገበ ዴሞ ለብዙ ሰው አንድ ጠቃሚ መልስ ይሰጣል፤ ያ መልስ «ይህ ሥራ ለእኔ አይደለም» የሚል ቢሆን እንኳ፣ ያለ አንድ ዶላር ኪሳራ የተገኘ ዕውቀት ነው።