የአእምሮ እድገት ውስንነት ያላቸው ተማሪዎች የሚማሩበትን ተቋም ስለ መጎብኘት

የአእምሮ እድገት ውስንነት ላላቸው ተማሪዎች የተቋቋመ ትምህርት ቤት ወይም ኮሌጅ ጎብኚ አያጣም። ሹም ይመጣል፤ ለጋሽ ይመጣል፤ የትምህርት ባለሙያ ይመጣል፤ አብዛኛውም በግማሽ ቀን ውስጥ አይቶ ይመለሳል። ተመልሶ የሚጽፈው ዘገባ ግን በጀት ያስፈቅዳል ወይም ያስቀራል፤ አንድ የማስተማር ዘዴ ወደ ሌሎች ወረዳዎች እንዲዛመት ወይም ተረስቶ እንዲቀር ያደርጋል። እንግዲህ ጎብኚው ያየው ነገር ከተቋሙ የዘወትር ኑሮ ጋር ምን ያህል ይገናኛል የሚለው ጥያቄ ለመምህሩም ሆነ ለዕቅድ አውጪው እጅግ አሳሳቢ ነው።

በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት የሚሰጠው ታሪክ በስዊዘርላንድ የተፈጸመ ነው። ዮሐን ያኮብ ጉገንቡል የተባለ ወጣት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1836 በኡሪ ካንቶን ዜዶርፍ በምትባል መንደር ሲያልፍ፣ ክሬቲኒዝም በሚባለው ሕመም የተጎዳ አንድ ሰው በመንገድ ዳር በቆመ መስቀል ፊት ጸሎት ሲያጉተመትም አየ። ጸሎት ማጥናት የቻለ አእምሮ ሌላም ነገር መማር አይሳነውም ሲል አሰበ። የዚህ ሕመም ምክንያት እናቲቱ በእርግዝና ጊዜ የሚደርስባት ብርቱ የአዮዲን እጥረት መሆኑ ያን ጊዜ ገና አልታወቀም ነበር። ልጁ ቁመቱ ያጥራል፤ ብዙ ጊዜ መስማትና መናገር ይሳነዋል፤ አእምሮውም ይጎዳል። በዚያው አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች እንቅርት ያወጣሉ። እንቅርት ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ “በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ” የሚለው ተረት ራሱ ምስክር ነው።

ጉገንቡል እ.ኤ.አ. በ1841 በበርን ካንቶን፣ ከኢንተርላከን በላይ በሚገኘው የአቤንድበርግ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ሥፍራ ተቋሙን ከፈተ። ቦታውን የመረጠው ሕመሙ በሸለቆ እንጂ በከፍታ ላይ አይታይም ተብሎ ይታመን ስለ ነበር ነው። ሥርዐቱም ንጹሕ የተራራ አየር፣ የተመረጠ ምግብ፣ ገላ መታጠብና መታሸት፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ የዐይንና የጆሮ ልምምድ፣ ቀስ በቀስም ንግግርን ማስተማር ነበር። ለዘመኑ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እነዚህን ልጆች መማር ይችላሉ ብሎ ቤት የሠራላቸው ሰው ከዚያ በፊት እምብዛም አልነበረም።

ከዚህም የተነሣ ሐኪሞች፣ መኳንንትና ጸሐፊዎች ከየአገሩ ወደ ተራራው ወጡ። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ትዊኒንግ እ.ኤ.አ. በ1843 ስለ አቤንድበርግ ያሳተመው ጽሑፍ ዝናውን በአገሩ አስፋፋ። በልዩ ልዩ የአውሮፓ አገሮችም ይህን አርአያ የተከተሉ ተቋሞች ተመሠረቱ። መሥራቹ ግን ዝናው እያደገ በሄደ መጠን ጊዜውን በጉዞና በንግግር ያሳልፍ ጀመር፤ በየዓመቱ ለብዙ ወራት ከተራራው ይርቅ ነበር። ልጆቹ ይድናሉ የሚለውንም ተስፋ ከሚገባው በላይ አጋነነው።

እ.ኤ.አ. በ1858 በበርን የነበሩት የብሪታንያ መልእክተኛ በዚያ የሚገኙትን የአገራቸውን ተወላጆች ሁኔታ ለማወቅ ወደ ተራራው ወጡ። ዋናው ኀላፊ በቦታው አልነበረም፤ ተማሪዎቹም ተገቢው ጥበቃ ተጓድሎባቸው ተገኙ። ከዚህ በኋላ የተደረገው ምርመራ ከክሬቲኒዝም የዳነ አንድም ልጅ እንዳልነበረ፣ በመሠረቱም በተቋሙ ከነበሩት መካከል ብዙዎቹ የዚህ ሕመም ተጠቂዎች እንዳልሆኑ፣ የእያንዳንዱን ተማሪ ለውጥ የሚያሳይ መዝገብ እንዳልተያዘ፣ ልብሱም ሆነ የቤቱ ሙቀት በቂ እንዳልነበረ ገለጸ። ጉገንቡል እ.ኤ.አ. በ1863 ሞተ፤ ተቋሙም ከዚያ በኋላ አላገገመም።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው አታልሎ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን አይበቃም። ከ15 ዓመታት በላይ ወደ ተራራው የወጡት የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ሐኪሞች ነበሩ። ያዩትም ነገር ሁሉ ሐሰት አልነበረም፤ የሚናገር ልጅ አይተዋል፤ የሚራመድ ልጅ አይተዋል። ያላዩት፣ ያ ልጅ ወደ ተቋሙ ሲገባ ምን ይችል እንደ ነበር ነው። መነሻው ያልተመዘገበ ተማሪ ያሳየው መሻሻል በምንም አይለካም፤ መለካት ባልተቻለበት ቦታ ደግሞ የአስጎብኚው ቃል ብቻ ይቀራል። በዚህ ላይ የጎብኚው የራሱ ምኞት አለ። ደግ ነገር ለማየት ዳገት የወጣ ሰው ሳያየው መመለስ አይወድም።

በተቃራኒው በዚያው ዘመን የተደረገ አንድ ሌላ ጉብኝት አለ። ጆርጅ ሰምነር የተባለ አሜሪካዊ በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው የቢሴትር ሆስፒታል ውስጥ፣ ቀደም ሲል ኤድዋርድ ሴጋን ያስተማረበትን ክፍል ለአንድ ቀን ሳይሆን ለወራት ተከታተለ። ሴጋን ትምህርትን ከእጅ፣ ከዐይንና ከጡንቻ ጀምሮ ወደ ሐሳብ የማሸጋገር ዘዴ ያዳበረ መምህር ነበር። ሰምነር ያየውን እ.ኤ.አ. በ1847 ለሳሙኤል ግሪድሊ ሃው በደብዳቤ ገለጸለት። ሃውም በቦስተን የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት መሪ ሲሆን፣ በማሳቹሴትስ ስለሚገኙት የአእምሮ እድገት ውስንነት ስላላቸው ሰዎች እንዲያጠና ታዝዞ ነበር። የጥናቱ ዘገባ በቀረበበት በ1848 የማሳቹሴትስ ምክር ቤት 10 ልጆችን ለሦስት ዓመት በሙከራ ለማስተማር በየዓመቱ 2,500 ዶላር ፈቀደ። ቁጥሩን ልብ ይሏል። ዐሥር ልጆች ብቻ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ። ሃው ቆየት ብሎ በ1866 ባደረገው ንግግር እንዲህ ያሉትን ሰዎች ለብቻቸው በብዛት ሰብስቦ ማኖር ጎጂ መሆኑን አስጠንቅቋል።

ማስጠንቀቂያው አልተሰማም። በኒው ዮርክ ከተማ፣ በስታተን አይላንድ የነበረው የዊሎብሩክ ተቋም የተሠራው ለ4,000 ያህል ሰዎች ሲሆን፣ ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1965 ሳያስታውቁ በጎበኙት ጊዜ ከ6,000 በላይ ታጭቀውበት ነበር። በ1972 ደግሞ ሄራልዶ ሪቬራ የተባለ ጋዜጠኛ ከአንድ ሐኪም ባገኘው ቁልፍ ገብቶ የውስጡን ሁኔታ በቴሌቪዥን አሳየ። ቤቱ የተዘጋው በ1987 ነው። ዊሎብሩክ በስሙ ትምህርት ቤት ይባል እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል።

ዛሬ ጎብኚው የሚገባበት በር ሌላ ነው። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1987 የአእምሮ እድገት ውስንነት ያላቸውን ወጣቶች ከሌሎች ተማሪዎች ጋር በአንድ ክፍል መቀበል ጀመረ። በአሜሪካም በ2008 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ እነዚህ ተማሪዎች የመንግሥት የትምህርት ድጎማ የሚያገኙበትን መንገድ ከፈተ፤ በ2010ም ለ27 ተቋሞች የአርአያ መርሐ ግብር ማስጀመሪያ ገንዘብ ተሰጠ። በአሁኑ ጊዜ በዚያ አገር ከ300 በላይ የሚሆኑ መርሐ ግብሮች አሉ። ተማሪው እንደ ዝንባሌው አንድ ወይም ሁለት መደበኛ ትምህርት ይከታተላል፤ ተግባሩ ከችሎታው ጋር ይመጣጠንለታል፤ የዕድሜ እኩያው የሆነ ሌላ ተማሪ በጥናት ያግዘዋል፤ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት በቤተ መጻሕፍት ወይም በምግብ ቤት ሥራ ይለማመዳል። ሲጨርስ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው የምስክር ወረቀት እንጂ ዲግሪ አይደለም።

ይህን ኮሌጅ ለሚጎበኝ ሰው ደግሞ ፈተናው ረቂቅ ይሆንበታል። ሕንፃው ያማረ ነው፤ ወጣቶቹ ደስተኞች ናቸው፤ የኮሌጁን ሹራብ ለብሰዋል። ሆኖም ግን በአንዳንዱ መርሐ ግብር ተማሪው አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳልፈው ለእርሱ ብቻ በተዘጋጀ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር የሚያገናኘው ያው ግቢው ብቻ ይሆናል። በመሆኑም ጎብኚው አስጎብኚውን ስለ ዓላማ ከመጠየቅ ይልቅ የአንድን ተማሪ የሳምንት የጊዜ ሰሌዳ ቢጠይቅ ይሻላል። ስንት ሰዓት ከማን ጋር ይማራል? ምሳውን ከማን ጋር ይበላል? አጋዡ ተማሪ በሌለበት ቀን ምን ይሆናል? ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች አሁን የት ናቸው? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ አስጎብኚዎችን ዝም የሚያሰኝ ነው።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸው እንዲማሩ ደንግጓል። ለአእምሮ እድገት ውስንነት የሚሰጠው ትምህርት በአመዛኙ የሚካሄደው በመደበኛ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በተከፈቱ ልዩ ክፍሎች ነው። ጎብኚ ሊመጣ ነው ሲባል ግቢው ይጠረጋል፤ ደኅና የሚናገረው ልጅ በፊት ወንበር ይቀመጣል፤ መዝሙር ይጠናል። መምህሩ ይህን ማድረጉ አያስነቅፈውም፤ እንግዳ የሚቀበል ቤት ሁሉ ያደርገዋል። ያስነቅፍ የነበረው ዘገባው በመዝሙሩ ላይ ቢመሠረት ነው። ስለዚህ ጎብኚው በኋለኛው ወንበር ከተቀመጠው ልጅ አጠገብ ቢቀመጥና የዚያን ልጅ ደብተር ወይም የእጅ ሥራ ቢያይ ስለ ክፍሉ የበለጠ ይረዳል።

መምህሩም በበኩሉ ለጎብኚ ሳይሆን ለራሱ የሚጠቅመው አንድ መዝገብ አለ። ተማሪው በመስከረም ሲገባ ያለ ረዳት የሚሠራውንና የማይሠራውን በተጨባጭ ቃል መጻፍ ነው፤ “ደካማ ነው” ብሎ ሳይሆን “ቁልፍ መቆለፍ አይችልም፤ ሦስት ጠጠር ይቆጥራል፤ ስሙ ሲጠራ ይዞራል” ብሎ ማለት ነው። በየወሩም ያው ሥራ እንደገና ይታይና ቀኑ ተጽፎ ይመዘገባል። ልጁ ቁልፍ ለመቆለፍ አራት ወር ቢፈጅበት የአራቱ ወር ሙከራ ሳይቀር ይጻፋል፤ ያልተሳካው ዘዴ ለሚቀጥለው መምህር ከተሳካው ባላነሰ ይጠቅመዋልና። መዝገቡ ከክፍሉ ሳይወጣ፣ መምህሩ ሲዛወርም እዚያው ለተተኪው መቀመጥ አለበት።